ስሙን ሳያውቁ ቅጠሉን አይበጥሱም

ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ ገና ዓመት ሳይሞላው ሞታበታለች፤ አባቱ ነሐስ ቀጥቃጭ ነው፣ ከመዶሻው በቀር ለማንም ፋታ የለውም። አንድ ቀን አክስቱ፣ ጎጆ ጣሪያ ላይ ወጥታ አልወርድም ያለች ፍየል በቃል ስታወርድ ይሰማል። በማግስቱ ተራራው ላይ ፍየል ሲጠብቅ ያንኑ ቃል ጮክ ብሎ ይጠራዋል። ትርጉሙን አያውቅም። የሰማውን ደገመ፣ በቃ።

ፍየሎቹ መጡ። ሁሉም በአንድነት፣ ፈጥነው፣ አንዳች ድምፅ ሳያሰሙ መጡና ቢጫ ዐይናቸውን ተክለውበት ቆሙ። ልጁ ሳቀ። ደግሞ ጠራ። አሁን ተጠጉት፤ ቀንዳቸው ጎኑን ይነካዋል፣ ጠረናቸው አፍንጫውን ሞላው። ፈራና ሮጠ። አብረውት ሮጡ። በማይታይ ገመድ የታሰሩ ይመስል ልጁም ፍየሎቹም አንድ ላይ እየተንጋጉ መንደር ገቡ። ሰዉ በፍየሎቹ ላይ ይራገማል፣ በልጁ ይስቃል። ልጁ መሀላቸው ሆኖ ያለቅሳል። መጥሪያውን እንጂ መፍቻውን አያውቅም። አክስቱ ደርሳ ፈታችው።

«ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» የተባለው ልብ ወለድ የሚጀምረው በዚህ ነው። ደራሲዋ ኡርሱላ ለጉዊን ናት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1968 በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ፣ ፓርናሰስ ፕሬስ በተባለ ትንሽ አሳታሚ ለልጆችና ለወጣቶች ተብሎ ወጣ። ኧርዝሲ የደሴቶች ዓለም ነው፤ ስሙም ምድርና ባሕር እንደማለት ነው። በዚያ ዓለም ነፋስ የሚያዞሩ፣ ጭጋግ የሚጠሩ፣ የተሰበረ ጀልባ የሚጠግኑ፣ የፍየል ጡት ሕመም የሚያድኑ ሰዎች አሉ። ኃይላቸው ከዱላቸው አይመነጭም። ሁሉም ነገር፣ ድንጋዩም ማዕበሉም ጭልፊቱም፣ እውነተኛ ስም አለው። ያንን ስም ያወቀ ያዝዘዋል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ ፈረንጅ ልብ ወለድ አልነበረም። ስለ ገዛ ቋንቋዬ ነበር። በአማርኛ ይህን ጥበብ «አስማት» ነው የምንለው። አስማት ግዕዝ ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ስሞች ማለት ነው። ለጉዊን ልብ ወለዷን ያቆመችበት መሠረት እኛ በየዕለቱ የምንጠራው ቃል ውስጥ ተቀምጧል።

ቃላቱን አንድ በአንድ ስናያቸው ነገሩ እየጠለቀ ይሄዳል። «ድግምት» የመጣው ከመድገም ነው፤ ዳዊት ይደገማል፣ ድግምትም ይደገማል፣ ግሡ አንድ ነው። «ክታብ» ጽሕፈት ነው። ሥር ማሽ ደግሞ ስሙ እንደሚለው መሬት ቆፍሮ ሥር የሚያወጣው ሰው ነው። «ሥራይ» በግዕዝ መድኃኒትም መርዝም ድግምትም ይሆናል፤ ሠረየ ብሎ ፈወሰም ይቅርም አለ ይባላል፣ ሥርየተ ኃጢአት የምንለው ከዚያው ነው። ስም፣ መድገም፣ ጽሕፈት፣ ሥር። ዛሬ የምናባዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች «የአስማት ሥርዓት» እያሉ ቁጭ ብለው የሚነድፉት ነገር፣ ከየት ኃይል እንደሚገኝ፣ በምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያስከፍል፣ በእኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ተነድፎ ቆይቷል።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን «መፍትሔ» ነው። ዛሬ በየስብሰባው መፍትሔ ይፈለግ እንላለን። ቃሉ መፍቻ ማለት ነው፤ የታሰረ ነገር መፍቻ። በብራና ላይ ከሚጻፉት የቆዩ ጸሎቶች አንዱ «መፍትሔ ሥራይ» ይባላል፤ የተደረገ ሥራይ የሚፈታበት ነው። ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኧርዝሲ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አጫጭር ታሪኮች አሳትማ ነበር፤ የአንደኛው ርእስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የመፍቻው ቃል» ይሆናል። እሷ ብራናዎቻችንን ታውቃለች እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ወገን አንድ እውነት ላይ ደረሱ እያልኩ ነው፦ መፍቻውን ያላወቀ ማሰሪያውን አይንካ።

ወደ ልጁ እንመለስ። መጠሪያ ስሙ ስፓሮውሆክ ነው፣ እንደ ጭልፊቷ፤ እውነተኛ ስሙ ጌድ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሬ አልቢው ኦጊዮን ይወስደዋል። ኦጊዮን በአንድ ወቅት የመሬት መንቀጥቀጥን ያበረደ ታላቅ ባለ ጥበብ ነው፤ ዝምተኛ ነው። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምሥጢር ይፈስስልኛል ብሎ ጠብቋል። ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ምንም የለም። ሲዘንብ እንኳ ኦጊዮን ዝናቡን አያባርርም፤ ዛፍ ሥር ይጠለላል። በመጨረሻ ልጁ ትምህርቴ መቼ ነው የሚጀምረው ብሎ ይጠይቃል። ተጀምሯል፣ ይለዋል መምህሩ። ከዚያም መንገድ ዳር የበቀለች አንዲት ተራ ቅጠል ያሳየዋል። ልጁ ስሟን ይጠይቃል፤ ይነግረዋል። ጥቅሟስ ምንድን ነው? እኔ የማውቀው የለም ይላል ኦጊዮን። ቅጠሏን በበጋም በክረምትም፣ በሥሯም በአበባዋም፣ በጠረኗም በዘሯም ስታውቃት፣ እውነተኛ ስሟን ለመማር ያን ጊዜ ትበቃለህ።

እኔ በዚህ ገጽ ላይ ቆምኩ። ምክንያቱም ይህን ትምህርት ሌላ ቦታ፣ ከሌላ አክስት፣ ተምሬው ነበር።

ልጅ ሳለሁ ምች መታኝ። ከንፈሬ ፈነዳ፣ ራሴ ተፈለጠ። አክስቴ ጓሮ ወርዳ ዳማ ከሴ ይዛ መጣች፤ የበሶብላ ዘመድ የሆነው፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራው ቅጠል። ሁለት መዳፏ መሀል አድርጋ አሸችው። አሸችው፣ አሸችው፣ መጀመሪያ ደረቅ ድምፅ ነበረው፣ ኋላ ረጠበ፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ በጣቶቿ መሀል ይወርድ ጀመር። በነጠላዋ ጫፍ አጠለለችው። ግንባሬንና ከንፈሬን ቀባችኝ፤ የቀረውን ጠብታ ቡና ላይ ጨምራ «ዐይንህን ጨፍነህ ጠጣ፣ ልጄ» አለችኝ። ለብዙ ቀን መዳፏ አረንጓዴ ነበር፤ እንጀራ ስታወጣም ያ ሽታ አብሯት ይመጣ ነበር።

ዳማ ከሴን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሌላ ግን አንድ ሥር ነበራት፤ ሆድ ሲቆርጥ የምትሰጠው፣ የጣት ውፍረት ያለው፣ ሲሰበር ውስጡ ቢጫ የሆነ። ጀንበር ሳትወጣ ነበር ልትቆፍረው የምትሄደው፣ መንገድ ላይ ከሰው አትነጋገርም። ስሙን ስጠይቃት «ከአፍ ከወጣ መድኃኒትነቱ ይረክሳል» ትለኝ ነበር። ትልቅ ስትሆን እነግርሃለሁ አለችኝ። ትልቅ ሆንኩ፣ ከተማ ገባሁ፣ እሷ ሞተች። ሥሩ እዚያው መሬት ውስጥ ይኖራል። ስሙ ግን የለም።

ስም መሸሸግን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። በኧርዝሲ ማንም እውነተኛ ስሙን ለማያምነው ሰው አይነግርም። ጌድ በአሥራ ሦስት ዓመቱ አክስቱ የልጅነት ስሙን ትወስድበታለች፤ ራቁቱን በቀዝቃዛው ምንጭ ውስጥ ይሻገራል፤ ማዶ የቆመው ኦጊዮን እጁን ይዞ በጆሮው አዲሱን ስም ያሰማዋል። ውኃ፣ ራቁት ገላ፣ ስም። በአርባ ቀኑ ወይም በሰማንያ ቀኗ የተጠመቀ ልጅ ላለው የእኛ አንባቢ ይህ ምንም ማብራሪያ አይሻም። የክርስትና ስም በጸሎትና በቅዱስ ቁርባን ይጠራል፤ ደጅ ላይ ግን ሌላ ስም አለ፤ አያቶቻችን መተተኛ እንዳይሰማው ይጠብቁት ነበር። ክታብ የሚጻፍለት ሰው ስሙ በብራናው ላይ የሚሰፍረው የክርስትና ስሙ ነው። ብራናው ራሱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው።

ለጉዊን ይህን ከየት አመጣችው? አባቷ አልፍሬድ ክሮበር የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ባህል ያጠና ስመ ጥር አንትሮፖሎጂስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ኦሮቪል በተባለች ከተማ አንድ ሰው ብቻውን ከዱር ወጣ፤ ወገኖቹ ያሂዎች በነጮች ሰፋሪዎች ተጨፍጭፈው አልቀዋል። ስምህ ማን ነው ሲሉት አልተናገረም። በባህሉ ሰው የራሱን ስም በራሱ አፍ አይናገርም፤ የሚጠራው ሌላ ወገኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ወገን አልቀረለትም። ክሮበር «ኢሺ» አለው፤ በቋንቋቸው ሰው ማለት ነው። ኢሺ እ.ኤ.አ. በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ እውነተኛ ስሙን ይዞ ሄደ። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1961 በመጽሐፍ ያወጣችው የለጉዊን እናት ቴዎዶራ ናት። ኧርዝሲ ሰባት ዓመት ቆይቶ መጣ። ስሙን የማይናገር ዓለም የፈጠረችው የእነዚህ ወላጆች ልጅ ናት።

አሁን ስለ ዋጋው። ጥሩ የአስማት ሥርዓት በነጻ የሚሰጥ ነገር የለውም፤ ከተፈጥሮ የሚመነጭ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ የለውም። ጌድ ኋላ የገባበት፣ በሮክ ደሴት ያለው ትምህርት ቤት ዘጠኝ ሊቃውንት አሉት፤ አንዱ የነፋስ፣ አንዱ የዕፀዋት፣ አንዱ የስሞች ናቸው። ሁሉም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ሚዛን ነው። እዚህ ዝናብ ብትጠራ ሌላ ደሴት ላይ ድርቅ ሊሆን ይችላል። የዕፀዋቱ ሊቅ ጌድን እንዲህ ያስተምሩታል፦ ቁስሉን አድን፣ ሕመሙን ፈውስ፣ የምትሄደውን ነፍስ ግን ተዋት ትሂድ። ጌድ አልሰማም። የጎረቤቱ የጀልባ ሠሪ ልጅ ሲሞትበት ነፍሱን ተከትሎ ወደ ሙታን አገር ወረደ፤ ሕፃኑንም ሳይመልስ ራሱ ሊቀር ምንም አልቀረው። የመለሰው አስማት አይደለም። ኪሱ ውስጥ የሚኖረው ኦታክ የተባለ ትንሽ አውሬ ፊቱን ይልስ ነበር። እንስሳ የታመመ ባልንጀራውን እንደሚልሰው፣ ያለ ቃል።

የእኛም መድኃኒቶች ይህን ዋጋ ያውቃሉ። ኮሶ ትልን ያወርዳል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ እስከ መግባት ደርሷል። ልኩ ሲያልፍ ግን ዐይን ይጎዳል፣ ሰውም ይገድላል። አስተናግር ደግሞ ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የበላው ሰው ይቀባዥራል፣ የሌለ ሰው ያናግራል። ያንን ስም ያወጣለት ሰው ቅጠሉን በሚገባ አይቶታል። ኦጊዮን እንዳለው በዘሩም፣ በጠረኑም፣ በጉዳቱም።

ጌድ የከፈለው ትልቁ ዋጋ ሌላ ነው። በወጣትነቱ ከእኩያው ጋር እልህ ተጋብቶ የሞተች ሴት መንፈስ ሲጠራ፣ በተከፈተው ቀዳዳ ጥላ ወጣበት። ስም የሌለው ጥላ። ፊቱን ቧጨረው፤ የትምህርት ቤቱ አለቃ ቀዳዳውን ሲዘጉ ሕይወታቸው አለፈ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሰው ጥላውን ሲሸሽ፣ ኋላም ዞሮ ሲያሳድደው ያሳያል። በክታቦቻችን ላይ «ዓይነ ጥላ» የሚለውን ስም አይቶ ያደገ አንባቢ ይህን ክፍል ከማንም ቀድሞ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ጌድ በመጨረሻ ጥላውን በስሙ ጠራው። የጠራበት ስም የራሱ ነበር።

ለጉዊንን የማከብርበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የራሷን ሥራ መልሳ መረመረችው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የመንደር ሴቶች አስማት ደካማም ክፉም ነው የሚል አባባል በጌድ የትውልድ ደሴት በጎንት ይነገራል፤ ትምህርት ቤቱም ለወንዶች ብቻ ነው። የጌድን የመጀመሪያ ቃል ያስተማረችው አክስቱ ናት፣ ስሟ ግን በመጽሐፉ የለም። ደራሲዋ ይህ ቆረቆራት። ሦስተኛው መጽሐፍ ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ «ቴሃኑ»ን ጻፈች። እዚያ ጌድ ኃይሉ አልቋል፣ ሰሐን ያጥባል፤ ታሪኩን የምትመራው መበለት ናት፤ ቅጠል የምታበጥረው የመንደር አሮጊት ሞስም ስም አላት። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው የታሪኮች መድብል ደግሞ ያንን ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያቋቋሙት ሴቶችና ወንዶች አብረው እንደነበሩ፣ ሴቶቹም ኋላ እንደተባረሩ ተረከች።

እኛ እንዲህ ያለ ምርመራ ይቀረናል። ልብ በሉ፣ ጌድ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን፣ ቆዳ የሚያለፋውን፣ ሸማ የሚሠራውን «ቡዳ ነው» ብለን ከማዕድ አርቀናል፣ ጋብቻ ከልክለናል። ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን ማረሻችንን ሠርተው፣ ጀበናችንን አበጅተው ሲሰጡን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብለናቸዋል። ዛሬ ከእነሱ አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው፤ ስድቡን የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሁንም በሕይወት አሉ። ስለዚህ አንድ ወጣት ጸሐፊ በአማርኛ የአስማት ዓለም ልፍጠር ቢል ይህን ሊዘለው አይችልም። አስማት ለአንዱ ጥበብ ሲሆን በሌላው ላይ ክስ ነበር። በእኔ እምነት ቀጥቃጩን ባለ ጥበብ፣ ሸክላ ሠሪዋን ደግሞ መምህር አድርጎ የሚነሣ ልብ ወለድ ያስፈልገናል፤ የባለ እጆቹ ዕዳ አለብን።

ቅጠልን በትዕግሥት ማየት ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ለጉዊን የመጀመሪያዎቹን የኧርዝሲ ታሪኮች ባሳተመችበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1964፣ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ አጠገብ ወንዝ ዳር ቆመው ነበር። ሴቶች በእንዶድ ፍሬ ልብስ ያጥባሉ፤ አረፋው ይወርዳል። ከታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድን አያቶቻችን ለነጠላ ያውቁታል፤ አረፋው ወንዙ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን ሳይጠየቅ ኖሮ ነበር። ከዚያ ሰዓት የተነሣው ምርምር ለእርሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ይህን አስማት አልለውም። ነገር ግን ኦጊዮን የሚያስተምረው ትምህርት ይኸው ነው።

በጽሑፍም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። «ዕፀ ደብዳቤ» የሚባሉ የብራናና የወረቀት መጻሕፍት አሉን፤ ይህ ሥር ለዚህ ሕመም፣ ያ ቅጠል ለዚያ፣ ከነአወሳሰዱና ከነድግምቱ። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከእነዚህ የሕክምና ጽሑፎች ብዙውን ሰብስቦ፣ ተርጉሞ፣ የዕፀዋቱን ማንነት እየመረመረ ዋርሶ ላይ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ጌድ ፍየሎቹን የጠራበት መጽሐፍ በወጣበት ዓመት። በብዙ የብራና መጻሕፍት ውስጥ ግን የዕፁ ስም ይጠራል እንጂ መልኩ አይታይም። ስሙን ከቅጠሉ ጋር የሚያገናኘው ሰው በሕይወት ያለው ሥር ማሽ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ምሥጢሩን ለአንድ ልጁ ብቻ ነው የሚያወርሰው። ያ ልጅ ከተማ ከገባ ስሙ መጽሐፍ ውስጥ፣ ቅጠሉ ጓሮ ውስጥ ይቀራሉ፤ የሚያገናኛቸው የለም።

ወጣት ደራሲያን እሳት በሚተፋ ዘንዶና በሰማያዊ መብረቅ የተሞሉ ረቂቆች ሲጽፉ አነባለሁ። ድፍረታቸው ደስ ይለኛል። ግን ጠንቋይዋ ምን ትበጥሳለች? ብዬ ስጠይቅ መልስ የለም፤ «አንድ ቅጠል» ብቻ። ተራ ቅጠል የለም። ጤና አዳም አለ፣ ጦስኝ አለ፣ ግዛዋ አለ። ለጉዊን የጌድን አክስት ጎጆ ስትስል በጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ቅጠሎች እየጠራች ነው፤ ከእነሱ መሀል ናናና ጦስኝ አሉበት። ዓለሙ የሚታመነው ከዚያ ጀምሮ ነው።

እናንተም አክስት አላችሁ። አያት አላችሁ፣ ወይም ጓሮዋ የማይደርቅ ጎረቤት። በሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ስትገቡ ደብተር ያዙ፤ ውጭ አገር ያላችሁም ስልክ ደውሉ። የቅጠሉን ስም፣ የበቀለበትን ቦታ፣ የሚበጠስበትን ሰዓት፣ ልኩ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት ጻፉ። ማርከሻውንም ጠይቁ። እኔ ቆይ ነገ ስል ነው ያመለጠኝ።